ለሦስት ደጋፊ አንድ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ሾላ ሜዳ በምትባል ከተማ፣ ሰው ሁሉ ስለ ዝናቡ መዘግየት ማውራቱን ትቶ ስለ ቅርጫት ኳስ ብቻ ያወራበት አንድ ሰኔ ነበር። ከተማዋ አንድ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ኮሌጁም የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አለው። ይህ ቡድን በተቋቋመ በዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቡ አልፎ፣ ስምንት ኮሌጆች ብቻ ወደሚገናኙበት የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር ገባ። በዚያ ውድድር የተሸነፈ ወዲያው ይሰናበታል። ጨዋታዎቹ በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ ከሾላ ሜዳ በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬደው በዞኑ ከተማ እንደሚካሄዱ ተነገረ።

ቡድኑ የሚለማመደው ከኮሌጁ አጥር ውስጥ ባለ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው ዳር ሦስት ደረጃ ያለው መቀመጫ አለ። በሥራ ቀን፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ መቀመጫ የማይጠፉ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንዷ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባለች ክፍል ልብስ ይሰፋሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በማሊያ ላይ ቁጥር ሊሰፉ ተጠርተው ገቡና ልምምዱ እስኪያልቅ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ እሳቸው ልምምድ ተደርጎ አያውቅም። ስለ ጨዋታው ደንብ ብዙ አያውቁም። የእያንዳንዷን ልጅ ስም፣ የመጣችበትን አገርና የምትፈራውን ፈተና ግን ያውቃሉ።

ሁለተኛው ጋሽ ጥጋቡ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ከእጃቸው ደብተር አይለይም። ማን ስንት ወረወረች፣ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ከብረቱ ተመለሰ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። የጻፉትን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ቢጠየቁ ባይጠየቁ ግድ የላቸውም።

ሦስተኛው አወል ነው። በሾላ ሜዳና በዞኑ ከተማ መካከል ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይነዳል። የቀኑን ምልልስ ሲጨርስ መኪናውን ከኮሌጁ አጥር ሥር ያቆምና፣ ፊቱን በቧንቧው ውኃ ታጥቦ ከሁለቱ ጎን ይቀመጣል።

ቡድኑ ማጠቃለያው ውስጥ መግባቱ በታወቀ ዕለት ክርክሩ ተጀመረ። እትዬ ዘነቡ ዋንጫውን ያመጡታል አሉ። ለምን ሲባሉ፣ ስላየኋቸው ነው ከማለት በስተቀር ምክንያት አልሰጡም። ጋሽ ጥጋቡ ደብተራቸውን ገልጠው ካዩ በኋላ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈው ይመለሳሉ አሉ። የአወል ግምት እንደ ዕለቱ ልምምድ ይለዋወጥ ነበር፤ ልጆቹ ደህና ከተጫወቱ ለፍጻሜ ይደርሳሉ ይላል፤ ካልሆነላቸው ደግሞ አንዱን አልፈው በሁለተኛው ይቀራሉ ይላል።

ክርክሩ የሚካረረው በጠጄ ላይ ሲደርስ ነው። ጠጄ የቡድኑ ረጅም ልጅ ናት፤ ከቅርጫቱ ሥር ቆማ የምትጫወተው እሷ ናት። በቅርጫት ኳስ አንዲት ተጫዋች ስትወረውር ከተጠለፈች፣ ማንም ሳይከለክላት ከመስመሩ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ እንድትወረውር ይፈቀድላታል። ጠጄ ታዲያ ሰው እየተጋፋት የምታገባውን፣ ብቻዋን ቆማ ስትወረውር ትስተዋለች። በጋሽ ጥጋቡ ደብተር መሠረት በዓመቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ውርወራ አርባ ጊዜ ወርውራ ያገባችው ዘጠኙን ብቻ ነበር። ይህን ተቃራኒ ቡድን ያወቀ ቀን፣ አሉ ጋሽ ጥጋቡ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እሷን ብቻ እየጠለፉ ያስወረውሯታል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል።

«ቀስ ይበሉ፤ ልጅቷ ትሰማዎታለች» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ትስማ» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ እትዬ ዘነቡ ከላይኛው ደረጃ፣ ጋሽ ጥጋቡ ከታችኛው ተቀመጡ። አወልም እንዳይጣላ መካከለኛው ላይ ሆነ።

እንግዲህ ሦስቱ ያደረጉትን በየተራው ልንገራችሁ።

ጋሽ ጥጋቡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ አሰልጣኙ ወደ መምህር ልዑልሰገድ ነው። መምህር ልዑልሰገድ ደብተሩን አይቶ፣ ነገሩን እንደሚያውቅና ለልጅቷ ከተነገራት ግን እንደሚብስባት ነገራቸው፤ እንዲተዉትም ለመናቸው። ጋሽ ጥጋቡ አልተዉትም። በማግስቱ ከልምምድ በኋላ ጠጄን ከሜዳው በር ላይ አቁመው ገጹን አሳዩዋት። ልጅቷ ቁጥሮቹን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እያለቀሰች ሄደች። ይህን ያዩ ጓደኞቿ ሽማግሌው ከሜዳው እንዲከለከሉ ለዲኑ ሊያመለክቱ ተነሡ።

በሦስተኛው ቀን ግን ጠጄ ራሷ ጋሽ ጥጋቡ ቤት ሄደች። ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከክፍል በፊት፣ ሜዳው ባዶ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ውድድሩ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱ እዚያ ተገናኙ። እሷ ከመስመሩ ላይ ቆማ ትወረውራለች፤ እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው ከቅርጫቱ ሥር ሆነው ኳሱን እየለቀሙ ይመልሱላታል። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለዋት አያውቁም። አርባው ሲሞላ «አሥራ አራት» ወይም «አሥራ ዘጠኝ» ይሉና ጽፈው ይሄዳሉ። በመጨረሻው ጠዋት ያሉት «ሃያ ስድስት» ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ሾላ ሜዳ ቢጫ ማሊያ ከለበሰ ኮሌጅ ጋር ተገናኘ። ጨዋታው አንገት ለአንገት ሄዶ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቢጫ ለባሾቹ ጋሽ ጥጋቡ እንዳሉት ጠጄን ብቻ መጥለፍ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳተች። የሾላ ሜዳ ደጋፊ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዳግመኛ ጠለፏት፤ ሁለቱንም አገባች። ጠለፏት፤ አንዱን አገባች። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ሴኮንድ ሲቀረው፣ ሾላ ሜዳ በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ አሁንም ጠለፏት። ኳሱን ይዛ ወደ ደጋፊው ዞር አለች። ጋሽ ጥጋቡ ደብተራቸው ላይ አጎንብሰው ነበር። ሁለቱንም አገባች። ሃምሳ ለአርባ ዘጠኝ አለቀ።

ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ ሁሉም እየዘፈነ ሳለ፣ አንድ ሰው እንግዲህ ምን ይላሉ ብሎ ጋሽ ጥጋቡን ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ይሸነፋሉ አሉ። ለቀልድ አልነበረም።

አሁን ደግሞ አወልን ስሙ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዋዜማ ዘግይቶ የነበረው ዝናብ ቀኑን ሙሉ ወረደ። ጨዋታው በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቡድኑ ከጥቂት ደጋፊዎች ጋር በኮሌጁ አውቶቡስ በጠዋት ተነሣ። እኩል መንገድ ላይ ድልድዩ እየታደሰ ስለነበር መኪና የሚያልፈው በወንዙ ውስጥ በተሠራ ማቋረጫ ነው። ሲደርሱ ማቋረጫው በውኃ ተውጧል። የጭነት መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ውኃው ሳይመሽ አይጎድልም ይላሉ። መምህር ልዑልሰገድ ለአዘጋጆቹ ስልክ ደወለ። ከሰዓቱ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ እንደሚጠበቅ፣ ያን ጊዜ ያልደረሰ ቡድን በፎርፌ እንደሚሸነፍ፣ ደንቡም ለማንም እንደማይለወጥ ነገሩት።

አወል ከሰልፉ ውስጥ ነበር። የቅዳሜ ገበያተኛ ጭኖ ከኋላቸው ደርሷል። ድሮ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲያመላልስ የተጠቀመበትን፣ በተራራው ላይ ዞሮ ከወንዙ ማዶ የሚወርድ መንገድ ያውቃል። መንገዱ ከተተወ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የኮሌጁ አውቶቡስ ረጅም ስለሆነ ኩርባዎቹን አይዞርም፤ ሾፌሩም አልሞክረውም ብሏል። አወል ተሳፋሪዎቹን ለምኖ አወረደ። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ወደ ሾላ ሜዳ የሚመለስ መኪና ለምኖ አሳፈራቸው። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ሄደ።

«መንገድ አለ» አለው። «ደህና መንገድ ነው ግን አልልህም።»

«ያደርሰናል?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

መምህር ልዑልሰገድ ልጆቹን ሰበሰበና መቅረት የምትፈልግ ካለች ትቅር፣ ማንም አይቀየማትም አለ። የቀረች የለችም። አሥራ ሁለቱም ከአሰልጣኙና ከረዳቱ ጋር ተሳፈሩ። እትዬ ዘነቡ ወደ በሩ ሲጠጉ አወል ክብደት እንደማይፈልግ ነገራቸው፤ ከሌላው ደጋፊ ጋር ከወንዙ ዳር ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከልጆቹ አፍ ነው የሰማነው። መንገዱ በሁለት ቦታ ግማሹ ተንዶ ነበር። በአንደኛው አወል ሁሉንም አውርዶ በእግር አሳለፋቸውና መኪናውን ብቻውን ነዳው። የውስጠኛው ጎማ ግድግዳውን እየታከከ ሲያልፍ የውጪው ጎማ ጠርዙን ይዞ ነበር፤ ቁልቁል የተንከባለለው ድንጋይ ሲወድቅ ድምፁ የተሰማው ቆይቶ ነው ይላሉ። ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው የኋላውን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰበረ። አወል ወርዶ አየውና ተመልሶ ወጥቶ መንዳቱን ቀጠለ። አስፋልቱ ላይ መኪናው ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ነበር የሚሄደው። ልጆቹ ጃኬት እንደ መጋረጃ ዘርግተው እየተራቸው ማሊያቸውን ለበሱ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ከተጋጣሚያቸው ይልቅ መንገዱ ይከብድ ነበር፤ ስልሳ አንድ ለአርባ አሸነፉ። አወል ግን ጨዋታውን አላየም። ከተንጋደደው መኪና ሳይወርድ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ። የጨዋታውን ማለቅ የሰማው ልጆቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ ነው። መኪናው አምስት ሳምንት ከጋራዥ አልወጣም፤ አወልም አምስት ሳምንት ሥራ ፈታ።

ሦስተኛውም ቅዳሜ መጣ። ፍጻሜው ከባለሜዳው ኮሌጅ ጋር ነው፤ በራሳቸው አዳራሽ፣ በራሳቸው ደጋፊ መካከል። ከሾላ ሜዳ የቻለ ሁሉ ሄደ። ውኃው ጎድሎ ነበር። ከጉዞው በፊት በነበረው ዓርብ ክርክሩ እንደገና ተነሥቶ፣ አወል ዋንጫው የእኛ ነው ብሎ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ወገነ። ጋሽ ጥጋቡ በስምንት ነጥብ እንሸነፋለን አሉ።

እትዬ ዘነቡና ጋሽ ጥጋቡ አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። በሦስተኛው ሩብ ላይ የሾላ ሜዳ አምበል ረድኤት ወርውራ አገባች። ግን ኳሱ ከእጇ ከመውጣቱ በፊት ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ስለነበር ግቡ ተሰረዘ። በጫጫታው መካከል የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው መዝጋቢ ስረዛውን አላስተዋለም፤ ሁለት ነጥብ ጻፈ፤ ሰሌዳውም ሁለት ጨመረ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ማንም ያወቀ የለም። ጋሽ ጥጋቡ ግን እርሳሳቸውን አቁመው ሰሌዳውን አዩ፣ ደብተራቸውን አዩ፣ ከዚያ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሰሌዳው አርባ አራት ለአርባ አራት ይላል። መምህር ልዑልሰገድ ልጆቹን ለማሳረፍና ለመምከር የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ጠየቀ። እትዬ ዘነቡ ጋሽ ጥጋቡን ስንት ለስንት ነው አሏቸው፤ ሰሌዳው ከሩቅ አይታያቸውም ነበር።

«በሰሌዳው እኩል ነው» አሉ ጋሽ ጥጋቡ። «በእኔ አርባ ሁለት ለአርባ አራት እየተመራን ነው።»

«የቱ ነው ልክ?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለዚህ ዳኞች አሉ። የእኔ ሥራ መቁጠር ነው።»

እትዬ ዘነቡ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ደብተሩን ከጋሽ ጥጋቡ ጉልበት ላይ አነሡት። ጋሽ ጥጋቡ አልሰጧቸውም፤ አልያዙባቸውምም። እትዬ ዘነቡ በሰው መካከል እየተጋፉ ወርደው ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄዱ። ዋናው ዳኛ ሊመልሳቸው እጁን ቢዘረጋም ገጹን ከፊቱ ዘረጉለት። ዳኛው ሁለቱን ጓደኞቹን ጠራ። ግቡን የሰረዘው ዳኛ አስታወሰ። መዝገቡ ተስተካከለ፤ ከሰሌዳው ላይ አርባ አራት ወርዶ አርባ ሁለት ተሰቀለ።

የሾላ ሜዳ ደጋፊ መጀመሪያ የተጭበረበረ መሰለው። ነገሩን ያደረጉት እትዬ ዘነቡ መሆናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲነገር ግን ጩኸቱ ወደ እሳቸው ዞረ። ወደ ቦታቸው የሚመልሳቸው መንገድ አላገኙም፤ ወደ በሩ ሄደው ብቻቸውን ቆሙ። በበሩ በኩል ያለፈ አንድ የአገራቸው ሰው ለማን ብለሽ ነው ብሎ ጠየቃቸው።

«ያሸንፋሉ ብዬ የለም?» አሉት። «ባይመስለኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።»

በኋላ ግን ለአወል እንደነገሩት፣ ዓመቱን ሙሉ ተጠራጥረው የማያውቁት ሴት በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ተጠራጥረዋል። ልጆቹ ቢሸነፉ ወደ ሾላ ሜዳ ተመልሰው የሱቃቸውን በር እንዴት እንደሚከፍቱ ነበር የሚያስቡት።

ልጆቹ አልተሸነፉም። ረድኤት በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች አግብታ አርባ ስምንት ለአርባ ስምንት ሆነ። አምስት ደቂቃ ተጨመረ። በጭማሪው ሰዓት ሾላ ሜዳ ሃምሳ አምስት ለሃምሳ ሦስት አሸነፈ። ዋንጫው ከፍ ሲል አወል እትዬ ዘነቡን ከበሩ ላይ ጎትቶ ወደ ሜዳው አስገባቸው። የተሸናፊዎቹ አሰልጣኝ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። ከእሱ ደጋፊዎች አንዱ ጨዋታውን በሙሉ በስልክ ቀርጾት እንደነበር፣ የዚያ ነጥብ ነገር በኋላ ቢታይ ክስ ያቀርቡ እንደነበር፣ ዋንጫውም ምናልባት ይነጠቅ እንደነበር የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ምናልባት ነው። ቀረጻውን ያዩት እንደነበር ማን ያውቃል።

ጋሽ ጥጋቡ ደብተራቸውን ጭማሪው ሳይጀመር ከዳኞቹ ጠረጴዛ መልሰው ተቀብለው ነበር። የጭማሪው አምስት ደቂቃ ገጽ ግን ባዶ ነው። እርሳሱ በእጃቸው ነበር፤ አንዲት ነጥብ አልጻፉም።

እስከዚህ ያለው ደስታ ነው። ዋናው ክርክር የመጣው በሐምሌ፣ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ሲደርስ ነው። የየአካባቢው አሸናፊዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ይገናኛሉ፤ ሾላ ሜዳም ተጠርቷል። አሥራ ሁለት ተጫዋቾች፣ አሰልጣኝ፣ ረዳት አሰልጣኝና አንድ የቡድን መሪ ይምጡ ይላል። የቡድን መሪው ከተጫዋቾቹ ጋር ይጓዛል፣ ከእነሱ ጋር ያርፋል፣ ሜዳው ዳር ከእነሱ ጎን ይቀመጣል። ሌላ ደጋፊ መውሰድ ኮሌጁ አይችልም። ዲኑ ራሱ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ለእኔ አይገባኝም፣ ከሦስቱ ደጋፊዎች አንዱን ልጆቹ ይምረጡ አለ።

ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀላል መስሏቸው ነበር።

ጠጄ ጋሽ ጥጋቡ ይሂዱ አለች። ሁሉም ሊያባብላት ሲሞክር እውነቱን የነገሯት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ፣ ያ ባይሆን ከመጀመሪያው ቅዳሜ እንደማያልፉ ተናገረች። አንዲቷ ግን መለሰችላት፦ አሰልጣኙ አትንገሩ ያሉትን ሄደው ነገሩሽ፤ የነጥቡን ስሕተት ግን እያወቁ ሸሸጉ፤ እውነት የሚናገሩት በእኛ ላይ ብቻ ነው? ደግሞስ እንደማናሸንፍ የሚያምን ሰው ከጎናችን ተቀምጦ እንዴት እንጫወታለን?

ሌላዋ ተነሥታ ለአወል ተከራከረች። ሳይደርሱ መወርወር የለም፣ ሳይደርሱ ነጥብ የለም፤ መኪናውንም ሥራውንም የሰጠው እሱ ነው አለች። ይህን ስትል ግን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ በእናቷ ፊት እንኳ ስለዚያ መንገድ ለማውራት እንዳልደፈረች ተናገረች። ገደል ገብተን ቢሆን ኖሮ ስለ አወል ምን ይባል ነበር? ቅሩ ተባልን እንጂ ማን ናት ከጓደኞቿ ፊት እኔ እቀራለሁ የምትል? አለች።

እትዬ ዘነቡ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ዋንጫውን ቀና ብለን የምናየው በእሳቸው ነው አሉ። አምበሏ ረድኤት ግን አልተስማማችም። ከእሷ ይህን የጠበቀ አልነበረም።

«ሁለቱ ነጥብ አልነበረንም፤ ልክ ነው» አለች። «ግን መመለስ ካለበት የምንመልሰው እኛ ነበርን። እሳቸው አልተጫወቱም። ጠርተው ቢነግሩኝ እኔ ራሴ እሄድ ነበር።»

«ትሄጂ ነበር?» አለቻት ጠጄ።

«አላውቅም» አለች ረድኤት።

ድምፅ ሲሰጡ አራት፣ አራት፣ አራት ሆነ። መምህር ልዑልሰገድ ሚዛኑን እንዲደፋ ቢለምኑት፣ እኔ ለአንዱ ብሰጥ ከሁለቱ ጋር በዚህ ከተማ እንዴት እኖራለሁ አለ። ሦስቱንም አስጠርቶ፣ እናንተ ራሳችሁ ምን ትላላችሁ ብሎ ጠየቃቸው።

አወል ከተባልኩ እሄዳለሁ፣ ካልተባልኩም አልቀየምም አለ። ቀጥሎ ግን የግማሽ ፍጻሜውን ጨዋታ ሰው ሲያወራ በሰማ ቁጥር አንድ ነገር እንደቀረበት እንደሚሰማው ጨመረ።

ጋሽ ጥጋቡ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆሙ። «በአዲስ አበባ በመጀመሪያው ጨዋታ ትሸነፋላችሁ» አሉ። «ጠጄ ግን ከግራ በኩል ስትወረውር ክርኗ ይከፈታል። እሱን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋል።»

እትዬ ዘነቡ አልተሽኮረመሙም። «ለእኔ ይገባኛል» አሉ። «ሁሉም ሲጠራጠር ያመንኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲጮህብኝ በር ላይ የቆምኩትም እኔ ነኝ።»

የስም ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት መላክ አለበት። አሥራ ሁለቱ ስሞች ተጽፈዋል፤ የአሰልጣኙና የረዳቱም ተጽፏል። የቡድን መሪ የሚለው መስመር ባዶ ነው፤ እስክሪብቶው በመምህር ልዑልሰገድ እጅ ነው፤ ሦስቱም ቆመው ያዩታል።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ የቀረው የእናንተ ነው። አንዱ እንደሚሸነፉ እያመነ ለማሸነፍ አዘጋጃቸው። አንዱ ሕይወታቸውን በእጁ ይዞ አደረሳቸው። አንዷ እንደሚያሸንፉ አምና፣ ያልነበራቸውን ነጥብ ከእጃቸው አስወጣች። በዚያ መስመር ላይ መጻፍ ያለበት የማን ስም ነው?